ደረጃ የሌለው በር

የዳሌንዳ ቤትና የኛ ቤት የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ከምነግራችሁ ነገር ገሚሱን በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ገሚሱን ደግሞ በግድግዳው በኩል የሰማሁት። በከተማችን በማህዲያ፣ ወደቡ አካባቢ የቤቱ ግድግዳ ስስ ነው። የዳሌንዳ ድምፅ ደግሞ ወፍራም ነበር። ሰርግ ሲኖር የሸክላ ከበሮዋን በብብቷ ሸጉጣ ከሁሉ ቀድማ ትደርሳለች፤ ሙሽራዋ ለብሳ ሳትጨርስ እሷ ዘፈኑን ጀምራዋለች። ማንም አይከፍላትም ነበር፤ ቅሪ ቢሏት ደግሞ አትቀርም ነበር።

ባሏ ሙቅዳድ በመብራት ሰርዲን ከሚያጠምዱት ጀልባዎች በአንዱ ይሠራል። ማታ ወጥቶ ጠዋት የሚገባ፣ ቀን ቀን የሚተኛ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ያን ጊዜ ትልቋ ልጃቸው ሺራዝ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ትንሹ ኢልየስ ደግሞ ገና ትምህርት ቤት አልገባም። የሙቅዳድ እናት፣ በአክብሮት «ላላ» የምንላቸው ላላ ሐሉማም አብረዋቸው ይኖሩ ነበር።

ዳሌንዳ የወደቀችው የዓመቱ ኩስኩስ ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ በአንሶላ ተሰጥቶ በሚደርቅበት ሰሞን ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳና የአንሶላውን ጫፍ ገለበጠው። እህሉ እንዳይበተን ብላ አንሶላውን እየጎተተች ወደኋላ ሄደች። በወጥ ቤቱ በኩል የጣሪያው ከለላ ፈርሶ ነበር፤ ዛሬ ነገ እናሠራዋለን ሲሉ ክረምቱም በጋውም አልፎበታል። የሰማሁት አንድ ድፍን ያለ ድምፅ ብቻ ነው። ሮጬ ስደርስ ግቢው መሐል በጀርባዋ ተጋድማ ነበር። ዓይኗ ተከፍቷል፣ ትናገራለች፣ ደም የለም። እግሮቿን እያየች፣

«ይሄ የማን እግር ነው? አንሱልኝ» አለች።

የገዛ እግሯ ነበር።

ሐኪሙ የአከርካሪዋ አጥንት ተሰብሮ ሕብለ ሰረሰሯን እንደጎዳው ለሙቅዳድ ኮሪደር ላይ ነገረው። ሙቅዳድ ነገሩን ወደ ክፍሉ ይዞት መግባት አልቻለም። ቀዶ ሕክምናው አልፎ ወደ ማገገሚያው እስክትዛወር ድረስ ዳሌንዳን የሚጠይቃት ሁሉ «ኢንሻአላህ ትነሻለሽ» ይላት ነበር። በመጨረሻ የአካል እንቅስቃሴ የምታሠራትን ሴትዮ ያዘቻት።

«ልሄድ ነው ወይስ አልሄድም? ሁሉም ኢንሻአላህ እያለ ነው የሚያልፈኝ።»

«ኢንሻአላህማ እኔም እላለሁ» አለች ሴትዮዋ። «ግን እግርሽ ይሄዳል ብዬ አልጠብቅም። ሥራችን ከክንድሽ ጋር ነው። ነይ፣ ክንድሽን አምጪ።»

ዳሌንዳ ያን ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዋለች። በማግስቱ ክንዷን ሰጠች። ከአልጋ ወደ ዊልቸር በጣውላ ላይ ተንሸራትቶ መሻገርን፣ ሽንትን በቱቦ ማውጣትን፣ መቀመጫዋ እንዳይቆስል በየጊዜው በክንዷ ተደግፋ ብድግ ማለትን ተማረች። እግሯ ስለማይሰማት ማታ ማታ በመስተዋት ትፈትሸዋለች፤ ቁስል ይኑርበት አይኑርበት የምታውቀው በማየት ብቻ ነው።

ቤት ስትመለስ ቤቱ ያለሷ መኖር ለምዶ ነበር። ላላ ሐሉማ ወጥ ቤቱን ይዘዋል። ጠያቂ ሴቶች ይመጡና «ትበላለች? ትተኛለች?» እያሉ በራሷ ላይ አሻግረው አማቷን ይጠይቃሉ። እኔም እንደዚያ ሳደርግ አንድ ቀን «የወደቅኩት በጀርባዬ ነው እንጂ በምላሴ አይደለም» አለችኝና አፈርኩ።

ይህን ሁሉ ችላው ነበር። ያልቻለችው ኢልየስን ነው። ልጁ ውሃ ሲጠማው በፊቷ አልፎ ወደ አያቱ ይሄዳል።

«ኢልየስ፣ ውሃ ስትፈልግ ለምን እኔን አትጠይቀኝም?»

«አንቺ አትደርሺማ።»

«የት ነው የማልደርሰው?»

«ብርጭቆው ጋ» አለና ሄደ።

ሙቅዳድ ጠዋት ከባሕር ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ከፍ ብሎ የተሰቀለውን ሁሉ አውርድልኝ» አለችው።

«ትንሽ ልተኛና…»

«ተኝተህ ስትነሳ ሐሳቤን የምለውጥ መስሎህ ነው?»

ያን ቀን ሳይተኛ ዋለ። መደርደሪያዎቹን ነቅሎ ዝቅ አድርጎ መታቸው፤ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ እግር በመጋዝ ቆረጠው። ላላ ሐሉማ በሩ ላይ ቆመው ጮኹ።

«እኔስ? እኔ አሮጊቷ አጎንብሼ ወገቤ ይበጠስ?»

«እርስዎም ይቀመጡ እንጂ ላላ» አለች ዳሌንዳ። «ወንበር ለኔ ብቻ ነው እንዴ የተፈቀደው?»

አጉረመረሙ፤ ግን ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ አማትና ምራት ፊት ለፊት ተቀምጠው ሽንኩርት ሲከትፉና ሲነታረኩ በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር። ኢልየስም ውሃ ከእናቱ መጠጣት ጀመረ። ብርጭቆውን ተቀብሎ ጭኗ ላይ ይወጣና ግቢውን ዙሪልኝ ይላታል።

በሚቀጥለው በጋ የሙቅዳድ የአጎት ልጅ ተዳረ። አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዳሌንዳ ከወደቀች ወዲህ የመጀመሪያ ሰርጓ ስለነበር በወርቅ ክር የተጠለፈውን ቀሚሷን ለብሳ፣ ከበሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሄደች። ከደረጃው ሥር ሙቅዳድና ሦስት የጀልባ ጓደኞቹ ዊልቸሩን በአራት ማዕዘን ያዙትና እንደ ሰርዲን ሳጥን አነሱት። ደረጃው ሲታጠፍ ወንበሩ አዘነበለ። ቀሚሷ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ለረጅም ሰዓት ስትወጣ እግሯ ላይ የምታስረው የሽንት ከረጢት ለሁሉም ታየ። ከላይ የቆሙት ሴቶች እልልታውን ጀምረው መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ቀየሩት። አንዷ በስልኳ ትቀርጽ ነበር።

ዳሌንዳ ያን ቀን ከበሮውን አልመታችም። የሽንት ቤቱ በር ዊልቸሯን አላስገባም። ልሂድ ስትል ደግሞ የሚያወርዷት ወንዶች በልተው እስኪጨርሱ መጠበቅ ነበረባት።

በማግስቱ ጠዋት በግድግዳው በኩል የሰማሁት ይህን ነው።

«ከዛሬ ወዲያ ማንም እንዳይሸከመኝ።»

«እሺ። ሌላ ሰው አይነካሽም። እኔ ራሴ እሸከምሻለሁ።»

«አንተም።»

«እኔም? እኔ ባልሽ አይደለሁም?»

«ባሌ ነህ። ኩሊዬ አይደለህም። በገዛ ጎማዬ የማልገባበት ቤት አልገባም።»

«ዳሌንዳ፣ ይሄ አገር ሙሉ ደረጃ ነው። እንዲህ ካልሽ የትም አትገቢም።»

«እንግዲያው የትም አልገባም።»

ሙቅዳድ በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ። በሩን ሲወረውር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የከፋው ይመስለኛል። ሚስቱን ማንሳት ከቻለ ሁሉም ነገር የሚቃና መስሎት ነበር፤ እሷም ያንኑ ከለከለችው።

ቃሏን ጠበቀች። የሰርግ ጥሪ ሲመጣ «ስንተኛ ፎቅ ነው?» ትላለች፤ መልሱን ሰምታ እንኳን ደስ ያላችሁ ብላ ትሸኛለች። ሰፈሩ ኮራች አለ። እኔም ውስጥ ውስጡን ኮራች ብያለሁ።

ነገሩ የከፋው በሺራዝ ትምህርት ቤት ነው። ሺራዝ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ልትሸለም ነበር፤ ዝግጅቱ ፎቅ ላይ ነው። ዳሌንዳ እስከ ደረጃው ሥር ሄደች። ርእሰ መምህሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ራሳቸው ወርደው ተቀበሏት።

«ጥበቃዎቹ ያነሱሻል፣ ሁለት ደቂቃ ነው።»

«ዝግጅቱን ወደ ግቢው ማውረድስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ ወጡ። ዳሌንዳ ግቢው ውስጥ የዛፍ ጥላ ሥር ቆየች። በመስኮቱ ጭብጨባ ይሰማ ነበር፤ የትኛው ጭብጨባ የልጇ እንደሆነ ግን አላወቀችም። ሺራዝ ሽልማቷን ይዛ ስትወርድ ፊቷ ቀልቷል።

«የሁሉም እናት ነበረች። አንቺን ሲጠሩ ወንበርሽ ባዶ ነው።»

«የኔ ወንበር ይኸው እዚህ ነው፣ ልጄ።»

«እኔን ልታዪ አልመጣሽም። ኩራትሽን ይዘሽ ነው የመጣሽው፤ እሱንም ይዘሽ ግቢ።»

ሽልማቱን ጭኗ ላይ ጥላላት ከጓደኞቿ ጋር ሄደች። ከዚያ በኋላ ሺራዝ እናቷን ትታዘዛታለች፣ ግን አታናግራትም። ስትጠራት ትመጣለች፣ የታዘዘችውን ታደርጋለች፣ ትወጣለች።

ሙቅዳድ ይህን አየ። መረብ የሚጠግንበትን ገመድ አንስቶ የዊልቸሩን ስፋት ለካና ቋጠሮ ቋጠረበት። ከዚያ ዓሣው ተሽጦ ሲያልቅ ወደ ቤት በመግባት ፈንታ ከተማውን መዞር ጀመረ። በር ያይና ገመዱን ይዘረጋበታል። ደረጃ ካለ ያልፋል። ወደቡ ላይ መሳቂያ ሆነ።

«ሙቅዳድ፣ ማዘጋጃ ቤት ተቀጠርክ እንዴ?»

«የኔንም ቤት በር ለካልኝ፣ ሚስቴ ወፍራለች!»

ሙቅዳድም፣ «ያንተን በርስ አላሰፋም፣ ሚስትህ መውጫ ካገኘች አትመለስልህም» አለው። ሙቅዳድ ቀልድ ሲመልስ የሰማነው ያኔ ነው።

የሚገባ በር ጥቂት ነው። በሩ ሲገኝ ደግሞ ሽንት ቤቱ በደረጃ የሚወረድበት ምድር ቤት ይሆናል። ዳሌንዳ መላ መታሁ ብላ፣ መውጣት በታሰበ ጊዜ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ መጠጣት ተወች። ብዙም ሳይቆይ ኩላሊቷ ታመመና ትኩሳት አልጋ ላይ ጣላት። የማገገሚያዋ ሴትዮ በስልክ ተቆጣቻት። ሙቅዳድ እንደገና ዞረ። በመጨረሻ ባሕር ዳር መንገዱ ላይ አንዲት የጥርስ ሐኪም አገኘ። ክሊኒኳ ከመንገዱ እኩል ነው፣ ደረጃ የለበትም፤ ሽንት ቤቷም ሰፊ ነው። ገመዱን ይዞ ገብቶ የመጣበትን ሲነግራት ሐኪሟ መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ቀጥላ «በፈለገች ጊዜ ትምጣ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ዳሌንዳ አንድ ጥርስ ሳያማት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ተመላለሰች።

የመጀመሪያው ጉዞ በዒድ ማግስት ሆነ። የዳሌንዳ እናት የተቀበሩት መሬቱ ወደ ባሕሩ ገባ በሚልበት ጫፍ ላይ ነው፤ መንገዱ ረጅም ቢሆንም ደረጃ የለበትም። ዳሌንዳ ጎማዋን ራሷ እየገፋች ከፊት፣ ሙቅዳድና ልጆቹ ከኋላ ሄዱ። እኔም ወደዚያው እሄድ ነበርና አብሬያቸው ነበርኩ። ሺራዝ ሩቅ ሩቅ ትላለች። መቃብሩ ጋ ሊደርሱ ሲሉ የፊት ጎማው የተሰበረ አስፋልት ውስጥ ገባ። ዳሌንዳ በፊቷ መሬት ላይ ተዘረጋች።

መንገዱ በሰው የተሞላ ነበር። ወንዶች ከየአቅጣጫው ሮጡ።

«አትንኩኝ!» ብላ ጮኸች። «ማንም እንዳይነካኝ! ወንበሩን ብቻ ያዙልኝ።»

ሙቅዳድ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ መለሰው። ሰዉ ክብ ሠርቶ ቆመ። እሷ በክርኗ ተገልብጣ ተቀመጠች፤ እግሮቿን አንድ በአንድ በእጇ ሰበሰበች። በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጋ ደረሰች። ጠርዙን ጨብጣ ራሷን አነሳች፤ ተንሸራተተች። ደግማ ሞከረች፤ ወጣች። መዳፏ ተልጦ ይደማል። ከጠርዙ ወደ ወንበሩ ያለው ከፍታ የበለጠ ነው፤ ሁለቴ ሞክራ አቃታት። ከተሰበሰቡት አንዱ «አላህን ፍሪ፣ ሙቅዳድ፣ አንሳት!» አለ።

ሺራዝ ሰዉን ገፍታ ገባች። ወንበሩ ፊት ተንበረከከችና ሁለቱን ጎማ በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች።

«ይዤዋለሁ፣ እማ» አለች። «አይንቀሳቀስም። ነይ።»

ዳሌንዳ ሦስተኛውን ሞክራ ወንበሩ ላይ ወጣች። ሺራዝ የመሐረቧን ጫፍ በምራቅ አርጥባ የእናቷን መዳፍ ጠረገች። መቃብሩ ጋ የፋቲሓን ጸሎት አድርሰው ሲመለሱ ሺራዝ ከጎኗ ትሄድ ነበር። ይቅርታም ምንም ስትል አልሰማሁም። ስለ አንዲት የትምህርት ቤት ልጅ ጫማ ነበር የምታወራት።

የባሕሩን ነገር ያመጣችው ሺራዝ ናት። ዳሌንዳ ከመውደቋ በፊት ሴቶቹ ወደ ማታ ላይ ባሕር ሲገቡ አብራን ትገባ ነበር። አሁን አሸዋው ጎማ አያስኬድም። ሙቅዳድ ጣውላ አነጠፈ፤ ጣውላው ሰመጠ። ሌላ ሊሞክር ሲያስብ ሺራዝ፣ «ጀልባዎቹ የሚወርዱበትስ?» አለች።

ወደቡ ዳር ለጥገና የወጡ ጀልባዎች ተመልሰው የሚወርዱበት የሲሚንቶ ተዳፋት አለ፤ ቀስ እያለ ውሃው ውስጥ ይገባል። ሁላችንም በየቀኑ እናየዋለን። ሙቅዳድ ሲሚንቶው ላይ የያዘውን አረንጓዴ ሙልጭልጭ በብረት ፋቀ። ከማገገሚያው የመጣውን አሮጌ ወንበር ለጨው ውሃ ሰጡት፤ ጀርባው ላይ ገመድ አሰረበት። ዳሌንዳ ገመዱን አይታ ቅንድቧን አነሳች።

«ይሄ መሸከም አይደለም» አለ ሙቅዳድ። «ጀልባም በገመድ ነው የሚወርደው።»

«ጀልባውን ሰው ነው የሠራው፤ እኔን ማን እንደሠራኝ አትርሳ» አለችው፤ ግን ፍሬኑን ለቀቀች።

ገመዱን እያላላ አወረዳት። ውሃው ደረቷ ላይ ሲደርስ ከወንበሩ ራሷን ለቀቀችና በጀርባዋ ተንሳፈፈች። ሺራዝ አጠገቧ ነበረች። የዳሌንዳ እግሮች ከውሃው ሥር ቀስ ብለው ተነስተው ከፊቷ ወጡ። አየቻቸው።

«መጡ» አለች።

ላላ ሐሉማ ዳር ላይ ሆነው ልብሳቸውን ሰብስበው፣ «ዳሌንዳ! አንቺ ልጅ! ራቅ አትበይ!» እያሉ ይጮኹ ነበር።

ዳሌንዳ ሳቋን ለቀቀችው። «ራቅ አትበይ ያለኝ ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜዬ!» ብላ በክንዷ ቀዘፈችና ራቅ አለች።

ስትወጣ የሙቅዳድ ጓደኞች ገመዱን ጎተቱ። አንዱ «ዛሬስ ትልቅ ዓሣ ነው የያዝነው» ሲል፣ «ዝም ብለህ ጎትት፣ ቀላል ነኝ አላልኩህም» አለችው።

ደስታው በነፃ አልሆነም። እርጥቡ ትራስ ላይ ብዙ በመቀመጧ መቀመጫዋ ተልጦ ቆሰለ፤ እስኪድን ብዙ ሳምንት በሆዷ ተኝታ ከረመች። በሆዷ ተኝታ ስትዘፍን በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር። በሚቀጥለው በጋ ደረቅ ትራስ ይዛ ወረደች። ያኔ ሌሎችም ተዳፋቱን ፈልገው መጡ፤ ጉልበታቸው የደከመ እናቶች፣ ግማሽ ጎኑ የማይታዘዝለት አንድ የቀድሞ አስተማሪ። ጀልባ ሠሪዎቹ ዓርብ ከሰዓት ቦታውን ነፃ ማድረግ ለመዱ። ማንም ያዘዛቸው የለም።

ወደ ሰርግም ተመለሰች፤ ወደ ሁሉም ግን አይደለም። ዳሌንዳ ከበሮ እንድትመታለት የፈለገ ሰው ሰርጉን መንገድ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ያደርጋል። የገዛ ወንድሟ ፎቅ ላይ ደገሰና ሳትሄድ ቀረች። እስካሁን ሲገናኙ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ላላ ሐሉማ ታመሙ። ሴት ልጃቸው አስታምማቸዋለሁ ብላ ወሰደቻቸው፤ ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። አንድ ጠዋት መልእክት መጣ፤ ላላ ሐሉማ ዳሌንዳን እየጠሩ ነው፣ ሌላ ሰው አይሰሙም። ሙቅዳድ እንዴት እንደሚነግራት ሳያውቅ በሩ ላይ ቆመ። እሷ ቀደመችው።

«ጀርባህን አምጣ።»

«ዳሌንዳ…»

«አጎንብስ አልኩህ። እግሬን በደንብ ያዝ፣ ግድግዳው እንዳይልጠው።»

እህቱ ቤት ደርሰው ደረጃውን በጀርባው አዝሏት ወጣ። ላላ ሐሉማ ዓይናቸውን ከፍተው አዩዋት።

«በምን መጣሽ?»

«በልጅዎ።»

«አርጅቷል እኮ፣ ይጥልሻል።»

«ከጣለኝ እርስዎ ይቆጡታል» አለች ዳሌንዳ፤ ሙቅዳድ አልጋው ላይ አጠገባቸው አስቀመጣት። እስከ ማግስቱ አልወረደችም። ከቀብሩ በኋላ ስለዚያ ጉዳይ አንስታ አታውቅም፤ ሙቅዳድም አላነሳባትም። ከዚያ ወዲህም ቢሆን ማንም አልተሸከማትም።

ሺራዝ አሁን ስፋክስ ዩኒቨርሲቲ ናት። ኢልየስ ድምፁ ጎርንኗል። የዳሌንዳ ትከሻ ጎማ በመግፋት ብዛት መታመም ጀምሯል፤ ሐኪሙ ቀንሺ ይላታል፣ እሷ አትቀንስም። ባለፈው ሳምንት ከሙቅዳድ ጋር በባቡር ሞናስቲር ከተማ ደርሰው መጡ። ከባቡሩ ወደ መውረጃው ያለውን ክፍተት ሙቅዳድ በጣውላ አሻገራት፤ ምሳ የበሉበትን ቤት በር ደግሞ አስቀድሞ ደውሎ አስለክቶ ነበር። ማታ በግድግዳው በኩል ጠራኋት።

«እንዴት ነበር ሞናስቲር?»

«ተይኝ እስቲ» አለች። «ዓሣ መጥበስ አያውቁም።»